የትዳር ምክር፦ ከሃይማኖት አባቶች እስከ ሙያ ፈቃድ

በአሜሪካ በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ በሃይማኖት ተቋም የሚመራ የትዳርና የቤተሰብ ሕክምና የማስተርስ ትምህርት ለመከታተል ያሰቡ ወጣቶች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ተቋሙ እምነት ነው። እኔ ግን ታሪኩን አስቀድማለሁ።

በዚያ አገር የትዳር ምክር ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የሃይማኖት አባቶችና የዘመድ አዝማድ ድርሻ ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. የትዳር አማካሪዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1963 ካሊፎርኒያ ለሙያው ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ አወጣች፤ በ1965 ፉለር የነገረ መለኮት ሴሚናሪ የሥነ ልቦና ትምህርት ቤት ከፈተ። እምነትና ሙያ አብረው ተጓዙ፤ ፈቃዱ ግን በክፍለ ግዛቱ እጅ ቀረ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የምትኖሩበት ክፍለ ግዛት ዲግሪውን ይቀበላልን? የሚል ይሁን። ትምህርቱ በኢንተርኔት ቢሰጥም፣ በባለሙያ ክትትል ከባለትዳሮች ጋር የሚደረገው ልምምድ የት ይፈጸማል? ይህን ሳያጣራ የተመረቀ ሰው፣ እምነቱ ቢጸናም፣ በሙያው ስም መሥራት ላይችል ይችላል። ሁለቱ ከተመለሱ በኋላ እምነትን መመዘን ተገቢ ነው።