ጡትና መድኃኒት፦ የአራስ እናት ውስወሳ

አማኑኤል ሆስፒታል በአዲስ አበባ የተጀመረው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከቴፒ በጅማ በኩል እስከዚያ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕመሟ ከዓይን የተሰወረ እናት ከቡና መንደር ሕፃን ታቅፋ ይህን መንገድ ትጀምር ዘንድ ከቶ ማን ይልካታል?

ደዌው ሕዝቡ ውስወሳ ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ሐሳብ እየተመላለሰ ያስጨንቃል፤ ጭንቀቱን ለማብረድም አንድን ድርጊት ደጋግሞ መፈጸምን ያስገድዳል። በአራስ ቤት ሲነሣ እናቲቱ እጇ እስኪላጥ ትታጠባለች፤ አለዚያም «ልጄን እጎዳው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሳትሻው እየመጣ ያስደነግጣታል። የምትደነግጠውም ሐሳቡን ስለምትጠላው ነው። ነገር ግን እብድ እንዳትባል ትሸሽገዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ማየር በለንደን፣ ሕመምተኛው የሚፈራውን እየነካ ከመታጠብ እንዲታገሥ በማድረግ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ይህ ዘዴ ወደ ወተት የሚያስገባው አንዳች ነገር የለም፤ ጉድለቱ የሠለጠነ ሰው መፈለጉ ነው። በዚያው ዐሥርት ዓመት መጨረሻ ክሎሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ለዚሁ ሕመም መጥቀሙ በስፔን ተገለጸ።

መድኃኒት ሲመጣ ብዙ እናቶች «ወይ ጡቱን ወይ መድኃኒቱን» ተባሉ። ፍርዱ ጥንቃቄ ቢመስልም ሒሳቡ ጎዶሎ ነበር። በወተት የሚያልፈውን ጠብታ ሲፈራ፣ ጡት የተከለከለ ሕፃን ከጡጦ ውኃ የሚያገኘውን ተቅማጥ አልቆጠረም። ሒሳቡ የተቃናው ወተቱ ራሱ ሲለካ ነው። የሕፃኑ ድርሻ፣ በክብደት ተሰልቶ፣ ከእናቲቱ መጠን 10 በመቶ ካነሰ ባመዛኙ ተቀባይነት አለው፤ ሰርትራሊን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 በመቶ አያልፍም። ፍሉኦክሰቲን ከዚህ ይበልጣል፤ ከሰውነትም ቶሎ አይወጣም። ሆኖም በእርሱ የተሻላትን እናት በግድ ከማስለወጥ ይልቅ የሕፃኑን እንቅልፍ፣ አጠባብና ክብደት መከታተል ይመረጣል። ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን ግን የበለጠ ጥንቃቄ ያሻል። (በቡና አገር የሚዘነጋው፣ የቡናው ካፌይንም በወተት ማለፉ ነው፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን እርሱን ለማስወገድ ቀናት ይፈጅበታል።)

እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ እንዲሰጥ የሚረዳ መመሪያ ሲያወጣ፣ ኢትዮጵያ ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ነበረች። መመሪያው ግን ለዚህ ሕመም የራሱን ምዕራፍ አልሰጠውም። ስለዚህ በቴፒ ነገሩ የሚጀምረው፣ እናቲቱ ልጇን በ45ኛው ቀን ለክትባት ስታመጣ፣ አዋላጂቱ የተላጠ እጇን አይታ በመጠየቋ ነው።