ከመንገዱ ማዶ

የፖሊስ ዜና የሚከታተል ሰው ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟል፤ «ተጠርጣሪው ወንጀሉን መፈጸሙን አምኗል»። ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣነው እንኳ እዚህች ላይ ስንደርስ ዜናው ያለቀ ይመስለናል። ካመነ አመነ፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? ዛሬ የምናወጋችሁ ታሪክ ግን ከዚህችው ዓረፍተ ነገር ጋር 20 ዓመት ሙሉ የታገለ ነው።

ቦታው አሜሪካ፣ አይዳሆ ፎልስ የምትባል ከተማ። እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1996 የ18 ዓመቷ ኤንጂ ዶጅ በተከራየቻት አፓርታማ ውስጥ ተደፍራ፣ በስለት ተወግታ ተገደለች። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ገዳዩ የዘር ፈሳሽና ፀጉር ትቶ ስለሄደ ፖሊስ የአንድ ወንድ ዲኤንኤ በእጁ ገባ፤ ባለቤቱ ግን አልተገኘም። በ1997 መጀመሪያ ክሪስቶፈር ታፕ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ተይዞ ለሳምንታት ተመረመረ። ብዙ ሰዓት ተጠየቀ፣ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ተደጋግሞ ተፈተነ፣ ቃሉን በየጊዜው ለዋወጠ። በመጨረሻም አመነ።

ዲኤንኤው የሱ አልነበረም። አቃቤ ሕግም ተስፋ አልቆረጠም፤ «እንግዲያው ሌላ ግብረ አበር አለ ማለት ነው» ተባለና ታፕ በ1998 ጥፋተኛ ተብሎ እስር ቤት ገባ።

የሚገርመው የዲኤንኤ የመጀመሪያ የወንጀል ሥራ ይኸው ነበር፤ «አመነ» የተባለን ሰው «እሱ አይደለም» ማለት። እንግሊዝ ውስጥ ሌስተርሻየር በሚባለው አውራጃ በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ የሁለተኛዋን ግድያ አመነ። ፖሊስ የፊተኛውም የሱ መሆኑን እንዲያረጋግጡለት ሳይንቲስቱን አሌክ ጄፍሪስን ጠየቀ። መልሱ፦ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፣ ያም ሰው ይህ ልጅ አይደለም። ልጁ ተለቀቀ፣ ወደ 5000 የሚጠጉ የአካባቢው ወንዶች ናሙና ሰጡ፣ እውነተኛው ገዳይም (በራሱ ፈንታ የሥራ ባልደረባውን ልኮ ደም አሰጥቶ ነበር!) ተይዞ በ1988 ተፈረደበት። እዚያ ሳይንሱ ሲናገር ፖሊሶቹ ሰሙ። አይዳሆ ላይ ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ሳይንስ ያንኑ ቃል ሲናገር ሰሚ አላገኘም።

የሰሙት የሟች እናት ናቸው። ወይዘሮ ካሮል ዶጅ መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም እናት ታፕን ገዳይ ብለው አምነው ነበር። በኋላ ግን የምርመራውን ቪዲዮ ተቀምጠው አዩት፤ ልጁ የሚያውቀውን ሲናገር ሳይሆን መርማሪዎቹ ያቀበሉትን መልሶ ሲናገር አዩ። ከዚያ በኋላ የልጃቸውን ገዳይ የሚፈልጉትን ያህል በልጃቸው ግድያ ለታሰረው ሰው መከራከር ጀመሩ። ይህን ለመሸከም ምን ዓይነት ትከሻ እንደሚጠይቅ እኛ አናውቅም።

እስኪ አሁን ወደ ዘር ቆጠራው እንምጣ። የአሜሪካ ፖሊስ የዲኤንኤ ቋት የሚያወዳድረው ጥቂት ነጥቦችን ነው፤ በፊት 13 ነበሩ፣ ከ2017 ወዲህ 20 ሆነዋል። ገዳዩ ቋቱ ውስጥ ከሌለ ፋይሉ አቧራ ይጠጣል። ሰዎች ዘመድ ለመፈለግ ምራቃቸውን የሚልኩላቸው ድርጅቶች ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ስለሚያነቡ ሩቅ ዘመድን ሳይቀር ያወጣሉ። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የወንዱንና የሴቷን ሐረግ ወደ ላይ እየወጡ የሚገናኙበት አያት መኖር አለመኖሩን ያያሉ። እነዚህም እንደዚያው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ልዩነቱ አያቱን ካገኙ በኋላ ተመልሰው በልጅ፣ በልጅ ልጅ ወደ ታች መውረዳቸው ነው። የልደትና የጋብቻ መዝገብ፣ የጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ ፌስቡክ ሳይቀር ያገላብጣሉ።

አደጋም አለው። በ2014 የአይዳሆ ፎልስ ፖሊስ በአባት ሐረግ ብቻ በሚቆጥር አንድ አሮጌ ቋት ሞክሮ የቀረበ ውጤት አገኘ። ውጤቱ የአንድ አዛውንት ነበር፤ ሰውየው ከዓመታት በፊት ለዘር ሐረግ ጥናት ናሙና ሰጥተው ነበር። ልጃቸው ኒው ኦርሊንስ የሚኖር ፊልም ሠሪ ነው፣ ያውም ስለ ግድያ ፊልም የሠራ። ምራቁ ተወሰደ፣ ውጤቱ እስኪመጣ አንድ ወር ገደማ በተጠርጣሪነት ቆየ። አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው በኤፕሪል 2018 ነው። ጄድማች በተባለ፣ ሰዎች ውጤታቸውን ራሳቸው በሚጭኑበት ድረ ገጽ አማካይነት ካሊፎርኒያን ለዓመታት ያሸበረው ነፍሰ ገዳይ ተያዘ፤ የ72 ዓመት ሽማግሌ፣ የቀድሞ ፖሊስ። በዚሁ መንገድ ሲሲ ሙር የተባለችው የዘር ሐረግ አጥኚ የኤንጂን ፋይል ይዛ ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታችም ወረደች። በሜይ 2019 ፖሊሶች አንድ ሰው ተከታትለው የጣለውን የሲጋራ ቁራጭ አነሱ። ዲኤንኤው ገጠመ። ሰውየው ብቻውን እንደነበረ አመነ። እዚህም «አመነ» አልን፤ የዚህኛው እምነት ግን ማስረጃ ነበረው። በ2021 ተፈረደበት።

በዚያው ወር ጄድማች ደንቡን ቀይሮ ፈቃዱን የገለጸ ተጠቃሚ ካልሆነ በስተቀር የማንንም መረጃ ለፖሊስ ፍለጋ እንደማያውል አስታወቀ። እኛ ደንቡን ደግፈነዋል፤ ግን ፈቃድ የሰጠ ሰው የአጎቱንም የአክስቱንም ልጅ አብሮ እንደሚሰጥ መርሳት የለብንም። እነሱን የጠየቀ የለም።

ታፕ በ2017 ሲፈታ የግድያው ፍርድ አልተነሳለትም ነበር። የተነሳለት በጁላይ 2019 ነው፤ በዘር ሐረግ ምርመራ ነጻ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ይባላል። ከተማዋ በ2022 የ11.7 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ልትከፍለው ተስማማች። በ2023 በ47 ዓመቱ ሞተ።

ገዳዩስ? በ1996 የሚኖረው ከኤንጂ ቤት መንገዱን ተሻግሮ ነበር። በግድያው ሰሞን ፖሊሶች ጎረቤቱን ሲጠይቁ እሱንም አነጋግረውታል። ስሙ ፋይሉ ውስጥ ነበር።