ገበያ ሲወጡ ስለ ጀርም መስጋት፦ የትኛው ስጋት ልክ ነው?

ከገበያ ሲመለሱ የያዙትን ፌስታል የት እንደሚያስቀምጡት ይቸገራሉ? በመልስ የተቀበሉትን ያረጀ ብር ሲነኩ ይቀፍዎታል? የሱፐርማርኬቱ ጋሪ መያዣ፣ ሰው ሁሉ ያገላበጠው ቲማቲም፣ የሚዛኑ ሳህን ያሳስብዎታል? ይህ ስጋት የብዙ ሰው ነው፤ ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ጨምሯል። መሠረተ ቢስ ነው ማለትም አይቻልም። ችግሩ ብዙዎቻችን የምንጠነቀቀው ከትንሹ ነገር ሆኖ ዋናውን መርሳታችን ነው። የዘይቱን ጠርሙስ በሳኒታይዘር ወልውሎ ሲያበቃ ያልታጠበ ወይን ለልጁ የሚያጎርስ ሰው ጥቂት አይደለም።

ጀርም ወደ ሰውነት የሚገባው እንዴት ነው?

ያልቆሰለና ያልተሰነጠቀ ቆዳ ጥሩ አጥር ነው። ስለዚህ ጀርም ያለበትን ነገር መንካት ብቻውን አያሳምምም። ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያና ወስፋት የሚገቡት በአፍ ነው። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ በአፍንጫ፣ በአፍና በዓይን ይገባሉ። ገበያ ውስጥ ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ «ምን ነካሁ?» ሳይሆን «የነካሁት ነገር ወደ አፌ እንዴት ሊደርስ ይችላል?» የሚለው ነው።

ብርን እንመልከት። በአገራችን በብር ኖቶች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ባክቴሪያ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ባክቴሪያ መገኘቱና ሰው መታመሙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብሩን የሚያስፈራ የሚያደርገው ጣትን በምራቅ እያራሱ መቁጠር ነው። ፌስታል ለመክፈት ጣትን መላስ ወይም በአፍ መንፋትም ያው ነው። ብር ከቆጠሩ በኋላ ቅቤውን በጣት ቆንጥሮ መቅመስም እንዲሁ። እነዚህን ልማዶች መተው ብሩን ከማጠብ የበለጠ ይጠቅማል (ብር የሚያጥቡ ሰዎች አሉ)።

የታሸጉ ዕቃዎችን አንድ በአንድ መወልወል አስፈላጊ አይደለም። የኮሮና ቫይረስ እንኳን በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው ትንፋሽ እንጂ ከዕቃ አለመሆኑ ኋላ ላይ ግልጽ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ እንዲዛወር የተደረገውም ሰው ተጨናንቆ እንዳይገበያይ ነበር። ስለዚህ የጉንፋን ወቅት ከሆነ ወይም አስም፣ ስኳርና የመሳሰለው ሕመም ካለብዎት ማልደው፣ ሰው ሳይበዛ ይውጡ፤ በተጨናነቀና መስኮት በሌለው ቦታ ማስክ ያድርጉ።

ትልቁ ስጋት በጥሬው የሚበላ አትክልት ነው

ከገበያ ይዘው ከሚገቡት ሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻው ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ካሮትና ቃሪያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥና በዙሪያዋ ከሚመረተው ቅጠላ ቅጠል ብዙው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ የሚለማ ሲሆን፣ እነዚህ ወንዞች የፍሳሽ ቆሻሻ ይገባባቸዋል። አትክልቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲሸጥ ደግሞ አቧራና ዝንብ ይጨመርበታል። ቆስጣ፣ ጎመንና ጥቅል ጎመን ስለሚበስሉ ጉዳታቸው ያነሰ ነው፤ ሙቀቱ ይገድለዋል። ጥሬ ሰላጣ ግን ያለው መከላከያ የእርስዎ አጥባ ብቻ ነው።

ሰላጣ ሲያጥቡ የውጪዎቹን ቅጠሎች ያስወግዱ። ቀሪውን ቅጠል በቅጠል ለያይተው በሚወርድ ንጹህ ውሃ ይጠቡ። ውሃ ከጠፋ በሳፋ ማጠብ ይቻላል፤ ነገር ግን ውሃው ጭቃ ማውጣቱን እስኪያቆም ደጋግመው ይቀይሩት፣ የመጨረሻው ውሃ ደግሞ የፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ የታከመ ይሁን። ኮምጣጤና ሎሚ የተወሰነ ባክቴሪያ ይቀንሳሉ፤ የወስፋት እንቁላልን ግን አይገድሉም። የልብስ ሳሙናና ኦሞ ወደ አትክልቱ ሊሰርጉ ስለሚችሉ አይጠቀሙባቸው። ብርቱካን፣ ማንጎና ሐብሐብም ቢላጡም ቀድመው ይታጠቡ፤ ልጣጩ ላይ ያለውን ቢላዋው ወደ ውስጥ ይዞት ይገባልና። በአካባቢዎ ኮሌራ መኖሩ ከተነገረ ጥሬ ሰላጣውንም መንገድ ላይ ተቆርጦ የሚሸጠውን ፍራፍሬም ለጊዜው ይተዉ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይህን ይበልጥ ያጥብቁ። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ ባልታጠበ አትክልትና በጥሬ ሥጋ ሊተላለፍ፣ ፅንሱንም ሊጎዳ ይችላል።

ሥጋና ዶሮ

የቄራ ማኅተም ያለበትን ሥጋ ይግዙ። የታመመ ወይም የሞተ ከብት ሥጋ ርካሽ ቢሆንም አይግዙ፤ አባሰንጋን የመሰለ ገዳይ በሽታ ሊኖረው ይችላል። ምርመራ የተደረገበት ሥጋም ቢሆን ጥቂት የኮሶ ትል እጭ ሊያመልጥ ስለሚችል ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ ሁልጊዜ ስጋት አለው። ሚጥሚጣም ሆነ አረቄ እጩን አይገድለውም፤ የሚገድለው ማብሰል ነው። ሥጋው በተለየ ፌስታል ይያዝ፣ ደሙ አትክልቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ። ገዝተው ሌላ ጉዳይ ለመፈጸም አይዙሩበት፤ ከ2 ሰዓት በላይ ያለ ፍሪጅ መቆየት የለበትም።

በብዙ አገሮች «ጥሬ ዶሮ አትጠቡ፣ ፍንጣሪው ጀርም ያሰራጫል» የሚል ምክር ይሰጣል። ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ለሚያጥብ ማድ ቤት ግን ይህ ምክር ሰሚ አያገኝም። እንግዲያው ቢያንስ በኃይል በሚወርድ ቧንቧ ሥር ሳይሆን በሳፋ ውስጥ ቀስ ብለው ይጠቡ። ሰላጣና እንጀራ ከአጠገቡ ያርቁ። ሲጨርሱ ሳፋውን፣ መክተፊያውን፣ ቢላዋውንና እጅዎን በሳሙና ይጠቡ። ወጡ ራሱ ለረጅም ጊዜ ስለሚፈላ አያሳስብም።

እጅ መታጠብ መቼ?

ዕቃውን ቦታ ቦታ ካስያዙ በኋላ በሳሙና ለ20 ሰከንድ፤ ከዚያም ምግብ ከመንካትዎና ከመብላትዎ በፊት። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ገበያ ውስጥ እያሉ መብላት ካለብዎት ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይረዳል፤ ነገር ግን ጭቃና ቅባት ባለበት እጅ ላይ በደንብ አይሠራም፣ አሜባንና ጃርዲያንም አያጠፋም።

ስለ በረኪና አንድ ነገር እንጨምር። ጀርምን ፈርቶ በረኪና ማብዛት ራሱ አደጋ ነው። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከቀላቀሉት ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ ቀድተው አያስቀምጡ፤ ልጆች ውሃ መስሏቸው ይጠጡታል። ይህ ከደረሰ ልጁን ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ጠርሙሱን ይዘው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ስጋቱ ራሱ ሕመም ሲሆን

ተራ ስጋት አንድ ጊዜ ሲታጠቡ ያልፋል። ታጥበው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «አልጸዳም» የሚለው ሐሳብ ተመልሶ ከመጣ፣ መታጠቡና ማጽዳቱ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ከወሰደብዎት፣ ወይም ገበያ መሄድ፣ ሰው መጨበጥና ከሌላ ጋር ከአንድ ማዕድ መብላት ካቆሙ፣ ይህ ኦሲዲ የተባለ የአእምሮ ጤና ችግር ሊሆን ይችላል። ብዙዎች «ንጽሕና ወዳድ ናት» እየተባሉ ለዓመታት ሳይታከሙ ይኖራሉ። እጃቸው ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ ለጀርም በር ይከፍታል።

ሕክምና አለው። በባለሙያ እየታገዙ የሚፈሩትን ነገር ጥቂት በጥቂት መንካትና ሳይታጠቡ መቆየትን የሚያለማምድ የሥነ ልቦና ሕክምና ውጤታማ ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም ይታዘዛሉ፤ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚወስዱ ቶሎ አልሠራም ብለው አያቋርጡ። በአቅራቢያዎ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምረው የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሊላኩ ይችላሉ። ቤተሰብ ከሆኑ «ንጹህ ነው ወይ?» ለሚል ተደጋጋሚ ጥያቄ መቶ ጊዜ «አዎ» ማለት ለጊዜው ያረጋጋ ይመስላል፤ ሕመሙን ግን ያጠናክራል። ሳይቆጡና ሳይቀልዱ አንዴ መልሰው፣ ቀጠሮ ለመያዝ ቢያግዙ ይሻላል።