ለቢቸናና ለሞጣ ጓሮ የሚሆን ድንክ አፕል

ለቢቸና ወይም ለሞጣ ዘመዶቹ የአፕል ችግኝ ሊወስድ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ብርዱን ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገልብጦ የተጠየቀ ይመስለኛል።

ሁለቱ ከተሞች በጮቄ ተራራና በአባይ ሸለቆ መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ የሚገኙ ናቸው። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜም ውርጭ ሊጥል ይችላል። ቀኑ ግን ፀሐያማ ነው፣ ወራት የሚዘልቅ የበረዶ ወቅትም የለንም። አፕል ደግሞ ከእንቅልፉ ነቅቶ በወጉ ለማበብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሆኑ የብርድ ሰዓታት ሊጠራቀሙለት ይገባል። ከታወቁት የፈረንጅ ዝርያዎች ብዙዎቹ ወደ 1,000 ሰዓት ይጠጋሉ። እነዚህን ቢቸና ብንተክላቸው አይሞቱም፤ ቅጠል እያሳዩ ዓመታት ያስጠብቁናል እንጂ።

ስለዚህ የሚበጀን ጥቂት ብርድ የሚበቃው ዝርያ ነው። በእስራኤል የተገኘው አና እና የባሃማሱ ዶርሴት ጎልደን 300 ሰዓትና ከዚያም በታች ይበቃቸዋል። አና ብቻውን ሲተከል በደንብ አያፈራም፤ አበባቸው በአንድ ወቅት ስለሚፈነዳ ሁለቱን ጎን ለጎን መትከል ግድ ነው። በአፕል ስሟ የገነነው ጨንቻ ከፍ ያለች ደጋ ስለሆነች፣ እዚያ ያፈራ ሁሉ ቢቸና ያፈራል ማለት አይደለም።

ድንክነት የሚመጣው ከላይኛው ዝርያ ሳይሆን ከሥር ካለው ተሸካሚ፣ ባለሙያዎች ሩትስቶክ ከሚሉት ነው። ኤም 9 የተባለው ዛፉን ከ3 ሜትር በታች ያስቀረዋል፤ ሥሩ ግን ደካማ በመሆኑ ዕድሜ ልኩን ድጋፍ እንጨትና በበጋ የማያቋርጥ ውኃ ይፈልጋል። ኤምኤም 106 መካከለኛ ነው፤ ውኃ በሚተኛበት መሬት ግን አንገቱ ይበሰብሳል። የቢቸናን ዋልካ በሐምሌ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በዋልካ ላይ እኔ የምመርጠው ድርቅንና ከባድ አፈርን የተሻለ የሚችለውን ኤምኤም 111 ነው፤ ቁመቱን በየዓመቱ በመግረዝ መግታት ይቻላል። የትኛውም ቢሆን አፈሩ ከፍ ተደርጎ በጉብታ ላይ ይተከል፤ ውኃ መውረጃ ቦይም ይቀደድለት። ሁለቱ የተጋጠሙበት ቦታ ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ያህል ይቅር። ከተቀበረ የላይኛው የራሱን ሥር ያወጣል፤ ድንክነቱም ያበቃል።

ችግኝን በዓይን መለየት አይቻልም። ስህተቱ የሚታወቀው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ፣ መሬቱና ውኃው ከባከነ ወዲያ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማ ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ነገር ግን ውሉ የቃል ከሆነ ምን ተሸጠ ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። የዝርያውም የተሸካሚውም ስም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሻጩ ካቅማማ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

አፕልን ለመጠበቅ ትዕግሥት ለሌለው ኮክ አለ። ብቻውን ያፈራል፣ በሦስተኛው ዓመትም ይደርሳል፤ ጠላቱ የፍራፍሬ ዝንብ ነች። ፕሪም ብዙ ጊዜ አጣማሪ ይሻል። ከቁጥቋጦዎች ብሉቤሪ ኮምጣጣ አፈር ስለሚፈልግ በዋልካ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው፤ እንጆሪ ግን ከፍ ባለ መደብ ላይ ከጓሮ አትክልቱ ጋር አብሮ ሊለማ ይችላል።