የዘይላ ፍርስራሽ የሚያስተምረን

ከጅቡቲ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ወሰኑን ተሻግሮ፥ በባሕሩ ዳርቻ ዘይላ የምትባል ጥንታዊት የወደብ ከተማ ትገኛለች። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩት የቀድሞ ቤቶቿ አብዛኞቹ ፈርሰዋል፤ መስጂደል ቂብለተይን የተባለው ጥንታዊ መስጊዷም ፍርስራሽ ሆኗል። ተማሪ «ይህችን ከተማ ማን አጠፋት?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ጦርነት» ብቻ አይደለም።

በ14ኛው ምእት ዓመት የጐበኛት ኢብን ባቱታ ታላቅ ገበያ ያላት ከተማ መሆኗን መስክሯል፤ ነገር ግን የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ሽታ ስላስመረረው፥ የባሕሩን ማዕበል ታግሦ ሌሊቱን በመርከብ ላይ አደረ። በ15ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ሱልጣን ሰዓደዲን ከኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሠራዊት ጋራ ሲዋጉ በዚያ ወደቁ፤ በአጠገቧ ያለው ደሴት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1517 (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) የአዳል የጦር አለቃ ማሕፉዝ በዓፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት ተገደለ። በዚያው ዓመት የፖርቱጋል መርከቦች ዘይላን አቃጠሏት።

ሆኖም እሳቱ አልጨረሳትም። የሐረር የሲራራ መንገድ መድረሻው እርስዋ ነበረችና፥ ነጋዴው ተመልሶ ቤቱን ሠራ። በ1854 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ወደ ሐረር ጕዞውን የጀመረው ከዚህችው ወደብ ነበረ።

በ1888 ግን ፈረንሳዮች ጅቡቲን ቈረቈሩ። በ1897 የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ንግዱ ግመሉን ትቶ ሐዲዱን ተከተለ፤ ዘይላም ጥይት ሳይተኰስባት ደከመች። በ1988 ግድም የተፋፋመው የሶማልያ የእርስ በርስ ጦርነት የደረሰባት እንዲህ ደክማ ሳለች ነው። ከጥንት ሕንፃዎቿ ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ብዙ ነዋሪዎቿም ተሰደዱ። ከዚያ ወዲህ የታደሰው ጥቂቱ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በላኩት ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ጦርነት ቤትን ያፈርሳል፤ የፈረሰው ዳግመኛ እንዲሠራ የሚያደርገው ግን መንገድና እንጀራ ነው። የታሪክ መምህር የቃጠሎውን ዓመት ብቻ አስጠንቶ ቢያልፍ ትምህርቱ ጐደሎ ይሆናል። ካርታውን ዘርግቶ፥ ከሐረር ወደ ባሕር የሚወርዱትን ሁለቱን መንገዶች ተማሪው በጣቱ እንዲከተል ያድርገው፤ «ከቃጠሎው በኋላ ሰው ለምን ተመለሰ? በኋላስ ለምን ቀረ?» ብሎም ይጠይቀው። ይልቁንም የጅቡቲ ልጅ ይህን ሊያውቅ ይገባል፤ የከተማው ኑሮ በመንገድ ላይ የቆመ ነውና።