ደሴና የሱዌዝ ቦይ

እኛ የአቀስታ ልጆች ባሕር አናውቅም። ግን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎረቤታችንን ደሴን ያነደደው ቦምብ በየት መጣ? በሱዌዝ ቦይ ነዋ! በ1881ቱ ውል ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለማንኛውም መርከብ ክፍት ነው ተባለ። ኢጣልያ ጦሯንና የመርዝ ጋዟን ስታሳልፍ እንግሊዞች ዳር ቆመው አዩ፤ ኩባንያውም ቀረጡን ቆጥሮ ተቀበለ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅን አልነካ፣ ቦዩንም አላዘጋ። ቢያዘጋው ኖሮ ምጽዋ የወረደው ሠራዊት ስንቁን ከየት ያመጣ ነበር?

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን አስከትለው፣ በዚሁ ቦይ አልፈው አውሮፓን ጎብኝተው ነበር። ያኔ እንግዳ ነበሩ። ሚያዝያ 1928 ግን በጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው፣ ወራሪው በመጣበት ቦይ ሽቅብ ወደ ሃይፋ ተሰደዱ። ደሴ ከተያዘች ገና ወር አልሞላትም።