ሰንጠረዥና ሰልፍ፦ የዴልሂ ጦርነት በጠረጴዛ ላይ

ሰንጠረዥ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገሮችን ይጠቁማል። አንደኛው በወረቀት ላይ በአግድምና በቁመት ተሰምሮ አኃዝ የሚሰለፍበት ነው። ሁለተኛውና ጥንታዊው ደግሞ ንጉሥ ከነሠራዊቱ የሚሰለፍበት የጨዋታ ገበታ ነው። ቃሉ ረጅም ጉዞ የተጓዘ ነው። በሕንድ «ቻቱራንጋ» ተብሎ ተወለደ፤ በፋርስ «ቻትራንግ»፣ በዐረቦች ዘንድ «ሸጥረንጅ» ተባለ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ የኢትዮጵያ መኳንንት በአዳራሻቸው የሚጫወቱት ሰንጠረዥ ሆነ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ አጥብቀው ይወዱ እንደነበር ጽፏል።

ቻቱራንጋ የሚለው የሳንስክሪት ቃል «አራት አካል ያለው» ማለት ነው። አራቱ አካላት የጥንቱ የሕንድ ሠራዊት ክፍሎች ናቸው፤ ይኸውም ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ። ጨዋታው በስድስተኛውና በሰባተኛው መቶ ዓመት አካባቢ ቅርጽ ይዞ ሲታይ፣ በስልሳ አራት ቤቶች ላይ የተዘረጋ የጦር ሰልፍ አምሳል ነበር። እንግዲህ ጦርነትን በገበታ ላይ አሳንሶ መመልከት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ተጫዋቾችም በዚህ ጥንታዊ አምሳል ላይ የራሳቸውን ትዝብት ጨምረውበታል። በእነርሱ ደንብ የጨዋታው መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። በወረራው ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እጃቸው የፈጠነውን ያህል ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ጦርነት ተራ እንደማይጠብቅ የሚያውቅ ሕዝብ ያወጣው ደንብ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከዘመናት በኋላ በአውሮፓ ይኸው ሐሳብ ሌላ መልክ ያዘ። በፕሩሲያ ፎን ራይስቪትስ የተባሉ አባትና ልጅ በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ሩብ የጦር መኰንኖች የሚማሩበትን የጦርነት ጨዋታ አዘጋጁ፤ የልጁ ደንብ በ1824 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1913 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚካሄድ ውጊያ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ዌልስ በዚያው መጽሐፍ እውነተኛው ጦርነት ከዚህ ትንሽ ጨዋታ ጋር ሲተያይ ምን ያህል አስከፊና ከንቱ እንደሆነ ሳይናገር አላለፈም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጨዋታው በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ተጫዋቾቹ ከእርሳስ ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ጥቃቅን ምስሎችን ቀለም ይቀባሉ፤ ጠረጴዛውን ወንዝና ኮረብታ ያለው ሜዳ ያደርጉታል፤ ርቀትን በመለኪያ ይለካሉ፤ ዕድልን ደግሞ ነጥብ በተቀረጸባቸው ባለ ስድስት ገጽ ጠጠሮች ይፈትናሉ። አንዱ ምስል ብዙ ሰው ይወክላል፤ ለምሳሌ ከቀደሙት ደንቦች በአንዱ አንድ ምስል ሃያ ወታደር ነበር።

የመካከለኛው ዘመን የሕንድና የመካከለኛው እስያ ሠራዊቶች በእንዲህ ዓይነቱ ጠረጴዛ ላይ ሲገጥሙ፣ የዴልሂን ሰልፍ ያህል ለጨዋታ የተመቸ ጥቂት ነው። በአንድ ወገን ጋሻ የለበሱ ዝሆኖች፣ በሌላው ወገን ፈጣን ቀስተኛ ፈረሰኞች ይቆማሉ። ቀኑ ዲሴምበር 17፣ 1398 እ.ኤ.አ. ነው። የዴልሂን ጦር የሚመሩት ሱልጣን ማሕሙድ ቱግሉቅና የሥልጣኑ እውነተኛ ባለቤት የነበረው ሹሙ መሉ ኢቅባል ናቸው። ከፊታቸው የቆመው የሳማርካንዱ ገዢ ቲሙር አንካሳው ነው።

ቲሙር ራሱ የሰንጠረዥ ወዳጅ እንደነበረ የታወቀ ነው። ታሪኩን የጻፈው ኢብን ዐረብሻህ እንደሚነግረን፣ የተለመደው ገበታ ስላልበቃው ከመቶ በላይ ቤቶች ባሉት ታላቅ ገበታ ላይ ይጫወት ነበር። በዚያ ገበታ ላይ ከዝሆንና ከፈረስ ሌላ ግመል፣ ቀጭኔና የቅጥር ማፍረሻ መሣሪያ ይሰለፋሉ። ቲሙር በሩኅ ንጉሡን «ሻህ» ባለበት ቅጽበት ወንድ ልጅ መወለዱ ስለተነገረው ልጁን ሻህሩኅ ብሎ እንደ ሰየመውም ይተረካል። ይህን የጻፈው ሰው ማንነት ግን ሊዘነጋ አይገባም። ኢብን ዐረብሻህ የደማስቆ ተወላጅ ነው፤ ቲሙር ያቺን ከተማ በያዘ ጊዜ ገና በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደ ሳማርካንድ ተወስዷል። ስለ ታላቁ ተጫዋች የነገረን ከገበታው ላይ ተነሥቶ የተወሰደ ሰው ነው።

በሰልፉ ቀን የሆነው ነገር ባጭሩ ይህን ይመስላል። ዜና መዋዕሎቹ የዴልሂን ጦር 10,000 ፈረሰኛ፣ 40,000 እግረኛና 120 ያህል ዝሆን አድርገው ይቆጥሩታል። ዝሆኖቹ በጀርባቸው ቀስተኞች የተሳፈሩበት የእንጨት ማማ ነበራቸው። የቲሙር ወታደሮች እንዲህ ያለ እንስሳ በጦር ሜዳ ገጥሟቸው ስለማያውቅ ፍርሃት ገብቷቸው ነበር። ቲሙር ፍርሃቱን በቃል ብቻ አልመለሰውም። በሰፈሩ ፊት ጉድባ አስቆፈረ፤ ጎሾችን በጠፍር አስተሳስሮ እንደ አጥር አቆመ፤ የዝሆኖቹን እግር የሚወጋ ባለ ጥፍር የብረት እሾህ አስቀጠቀጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳማርካንድን የጎበኘው የስፔን መልእክተኛ ክላቪሆ ደግሞ ደረቅ ሣር የተጫኑ ግመሎች እሳት ተለኩሶባቸው ወደ ዝሆኖቹ መነዳታቸውን እንደሰማ ጽፏል። የቲሙር ክንፎች የዴልሂን ክንፎች ሲሰብሩ፣ መካከል ላይ የቀሩት ዝሆኖች በቀስት እየተወጉ ወደ ኋላ ዞሩ። ሌሊቱን ሱልጣኑና ሹሙ ከተማዋን ጥለው ሸሹ።

ጠረጴዛው ይህን ሁሉ በሚገባ ሊያሳይ ይችላል። እንዲያውም ከመጽሐፍ ይልቅ ግልጽ የሚያደርገው ነገር አለ። ቀለም የተቀባውን ዝሆን በእጁ የያዘ ተጫዋች፣ ከባድ ኃይል ቦታ ሲጠበው ሸክም እንደሚሆን በዓይኑ ያያል። በጥንቱ ሸጥረንጅ ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ ከስልሳ አራቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው ስምንቱን ብቻ ነው። ቲሙርም በጉድባውና በእሾሁ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የጠላቱን ታላቅ ኃይል የሚረግጥበት ምድር አሳጣው።

ይሁን እንጂ ለዴልሂ ወገን የቆመው ተጫዋች ምንም ያህል ብልህ ቢሆን የማይደርስበት ነገር አለ። የዴልሂ ሽንፈት የተጀመረው በሜዳው ላይ አልነበረም። ሱልጣን ፊሩዝ ሻህ በ1388 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ለአሥር ዓመት መሳፍንቱ በዙፋን ተናከሱ። አንድ ጊዜም ሁለት ሱልጣኖች በተጎራባች ሰፈሮች ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ነበር። የአውራጃ ገዢዎች ግብሩን ለራሳቸው አስቀሩ። የቲሙር ጦር የኢንደስን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ዴልሂ እስኪቃረብ ድረስ በአንድነት የተቃወመው ኃይል አልነበረም። ጨዋታው የሚጀምረው ሁለቱ ሠራዊቶች ከተሰለፉ በኋላ ነው፤ ታሪክ ግን የሚጠይቀው አንደኛው ሠራዊት ለምን እንዲህ ሳስቶ ተሰለፈ ብሎ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይም አለ። ከሰልፉ ጥቂት ቀናት በፊት በቲሙር ሰፈር በየመንገዱ የተያዙ እጅግ ብዙ ምርኮኞች ነበሩ። በውጊያው ቀን ይነሡብናል ተብሎ ስለተፈራ እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጣ። የቲሙር ወገን ዜና መዋዕሎች ቁጥሩን 100,000 ያደርሱታል። የታሪክ ሊቃውንት ቁጥሩ የተጋነነ ነው ቢሉም፣ ግድያው መፈጸሙን አይክዱም። እነዚሁ ዜና መዋዕሎች ናስር አልዲን ዑመር የተባለ የሃይማኖት ሊቅ፣ ከዚያ በፊት ነፍስ አጥፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ትእዛዙን ለመፈጸም አሥራ አምስት ምርኮኞችን በገዛ እጁ እንደገደለ በኩራት ይዘግባሉ።

እስቲ ይህን በጠረጴዛው ስሌት እንመልከተው። አንድ ምስል ሃያ ሰው ከሆነ፣ መላው የዴልሂ ፈረሰኛና እግረኛ 2,500 ምስል ይሆናል። ዜና መዋዕሎቹ የቆጠሯቸው ምርኮኞች ግን 5,000 ምስል ይሆናሉ፤ ከሠራዊቱ እጥፍ ማለት ነው። ይሁንና እነዚህን ምስሎች የሚቀርጽ፣ ቀለም የሚቀባ፣ በጠረጴዛው ጥግ የሚያቆም ማን ነው? የጨዋታው ደንብ ቦታ አልሰጣቸውም፤ መሣሪያ የላቸውምና ነጥብ አይቆጠርላቸውም።

በገበታው ላይ ንጉሥ ሲያዝ ጨዋታው ያበቃል። በዴልሂ ግን ንጉሡ አመለጠ፤ የተያዘው ሕዝቡ ነው። ቲሙር ከተማዋ ከገባ በኋላ ለቀናት ዘረፋና ግድያ ሆነ። ረሀብና በሽታም ተከተለ። ሱልጣን ማሕሙድ ወደ ጉጃራት ሸሽቶ ኋላ ላይ ወደ ዴልሂ ሲመለስ፣ ከቤታቸው የተነዱት ሰዎች ግን አብረውት አልተመለሱም። ከእነዚህም መካከል የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ነበሩ። ቲሙር ባለሙያዎቹን ለልጆቹና ለመኳንንቱ ሲያከፋፍል፣ ድንጋይ ጠራቢዎቹን ለራሱ አስቀረ። በ1399 እ.ኤ.አ. በሳማርካንድ የተጀመረው ታላቁ መስጊድ፣ ዛሬ ቢቢ ኻኑም እየተባለ የሚጠራው፣ ከሕንድ፣ ከፋርስና ከአዘርባይጃን በመጡ ጠራቢዎች እጅ ተሠራ። በጦር ሜዳ የተማረኩት ዝሆኖችም ድንጋዩን ጎተቱ።

ጎብኚዎች ዛሬም በዚያ ሕንፃ ፊት ቆመው ይደነቃሉ፤ መደነቃቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን በግንቡ ላይ ጎልቶ የሚነበበው የአሠሪው ስም ነው። የጠራቢዎቹ ስም ጠፍቷል። በወረራ የተገኘ የኪነ ጥበብ ሥራ ውበቱ እውነተኛ ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ እውነተኛ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አለመናገር ከሁለቱ አንዱን መዋሸት ይሆናል።

ይህ ሲባል የጠረጴዛው ጨዋታ ይወገዝ ማለት አይደለም። ጨዋታው ማመዛዘንን ያስተምራል፤ ተጫዋቹ የአልባሳትን፣ የመሣሪያንና የመልክዓ ምድርን ታሪክ በትጋት እንዲመረምር ያደርገዋል፤ ሽንፈትን ያለ ደም ያቀምሰዋል። መምህርም ቢሆን በክፍሉ ውስጥ በጥቂት ጠጠሮችና በአንድ ሰሌዳ የዴልሂን ሰልፍ ቢያሳይ ከብዙ ሰዓት ንግግር የበለጠ ይሳካለታል። የሚፈለገው ሰልፉ ካበቃ በኋላ ጠጠሮቹን ወደ ከረጢታቸው ከመመለስ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ በዚህ ገበታ ላይ ያልተሰለፉት እነማን ነበሩ? ያን ጊዜ ተማሪው በቁጥር በተሞላው ሰንጠረዥና በጨዋታው ሰንጠረዥ መካከል ያለውን ዝምድና ራሱ ያገኘዋል። በሁለቱም ውስጥ ሰው በቤት ተመድቦ ይቀመጣል፤ ከሁለቱም ውጭ የሚቀረውን ሰው ፈልጎ ስሙን መጥራት ግን የታሪክ ጸሐፊውና የከያኒው ፈንታ ነው።